ተተኪ ያጣ ደን፦ በዘጌ የቡና ጫካ የታየ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩና የጽሑፉ ወሰን

ይህ ጽሑፍ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ በምትገኘው በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር፣ ድንበር በሚጋሩ ጥቂት የቡና ጫካ ባለቤቶች ይዞታ ላይ የደረሰውን ችግርና እሱን ለማቃለል የተሞከረውን ይመዘግባል። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው በአገራችን ስለ ደን ጥፋት ሲነሣ ከሚነገረው የተለየ በመሆኑ ነው። እዚህ ደኑን መንጥሮ ያረሰ፣ ቤት የሠራበት ወይም በእሳት ያጠፋው ሰው የለም። ከጀልባ ላይ ሆኖ ለሚያየው ደኑ ዛሬም እስከ ውኃው ጠርዝ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። ጉድለቱ የሚታወቀው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ያረጁት ዛፎች ሲወድቁ ቦታቸውን የሚይዝ ወጣት ዛፍ የለም።

በጉዳዩ የተሳተፉት ሰዎች፣ አጥቢያውና መሥሪያ ቤቶቹ በስም አልተጠቀሱም። ጸሐፊው ሥራውን የተከታተለው በደን ባለሙያነት ሲሆን፣ ውሳኔዎቹ ሁሉ የባለ ጫካዎቹና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ነበሩ።

ዳራ

ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥል በመሆኑ ደኑ እንደ ካፋና እንደ ሸካ ደኖች ዓመቱን ሙሉ የሚርስ አይደለም፤ ሆኖም የሐይቁ እርጥበትና የዛፎቹ ጥላ ተጋግዘው በዙሪያው ካለው የእርሻ አገር ፈጽሞ የተለየ ምድር አድርገውታል። በባሕረ ገብ ምድሩ ላይ የተካሄደ አንድ የዕፅዋት ጥናት 113 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግቧል። ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ፣ ብሳና፣ ዶቅማ፣ እሸ፣ ሾላና ዋርካ ነዋሪው በየቀኑ ስማቸውን የሚጠራቸው ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል ሲሆን፣ የፍሬው ዱቄት በጣና ዳር ዓሣ ለማደንዘዝ ያገለግል እንደነበር የሚታወቅ ነው። ፍሬ በሊታ ወፎችና ጦጣዎች ከጫካ ጫካ እየተዘዋወሩ ዘር ይበትናሉ። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ሲገባ ዘጌም በዚያው ክልል ውስጥ ተካትታለች።

ደኑ እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያት ከገዳማቱ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ሌሎቹም በደኑ መካከል ተሰባጥረው የቆሙ ናቸው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት የገዳሙ መሥራች የሚባሉት አቡነ በትረ ማርያም የተቀበሉት ቃል ኪዳን የዘጌ ሰው ሳያርስና በሬ ሳይጠምድ እንዲኖር ነው። ስለዚህ በቀረው ጎጃም የገበሬ መታወቂያ የሆኑት ሞፈርና ቀንበር እዚህ የሉም። ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚና በሌላ ፍራፍሬ ሲሆን እህሉን ገበያ ወጥቶ ይሸምታል። ለደን ባለሙያ ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ቁም ነገር ግን የከብት አለመኖር ነው፤ በሌላ ቦታ ቡቃያን በመጋጥና በመርገጥ የደንን መተካት የሚያቋርጠው ከብት ነውና። ከብት በሌለበት ቦታ ደን ተተኪ ማጣቱ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንድንፈልግ ያስገድዳል።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

በአንድ የክረምት ማብቂያ፣ ከሐይቁ የተነሣ ብርቱ ነፋስ በአንድ አባወራ ጫካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዋንዛዎችን ጣለ። ሰውየው መጀመሪያ አልከፋውም፤ የዋንዛ ጣውላ ዋጋ ያወጣል። በበጋው ግን ጥላ ያጣው ቡና ቅጠሉ እየገረጣ ጫፉ ተቃጠለ። በሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፍ እስኪጎብጥ አፈራና፣ ከዚያ በኋላ ቅርንጫፎቹ ከጫፋቸው ጀምረው ደረቁ። ይህ ፀሐይ የበዛበት ቡና የታወቀ ጠባይ ነው፤ አቅሙን ሁሉ በፍሬ ላይ ያፈስና ራሱን ይጎዳል።

ባለቤቱ ክፍተቱን የሚሸፍን የዋንዛ ችግኝ ነቅሎ ለመትከል በጫካው ውስጥ ፈለገ፤ አላገኘም። ወደ ጎረቤቶቹ ጫካ ዘለቀ፤ እዚያም አልነበረም። ጉዳዩ ለሽማግሌዎቹ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። «ዋንዛ እንዴት ከዘጌ ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ተወስዶ ነበር፤ ምክንያቱም ቀና ብሎ ለሚያይ ዋንዛው በየቦታው ቆሟል።

ከሽማግሌዎቹና ከባለ ጫካዎቹ ጋር ይዞታዎቹን በእግር ስንዞር የታየው ነገር በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ነበር። ከላይ አንድ ሰው አቅፎ የማይደርስባቸው ዛፎች፣ ከታች ቡናና ጌሾ፣ በመካከሉ ደግሞ ባዶ። ከጉልበት እስከ ቤት ጣሪያ የሚደርስ ከፍታ ያለው የዛፍ ተተኪ ከሞላ ጎደል የለም። ያለውም ቢሆን ብርብራና ብሳና ነው። የትልልቆቹ ዛፎች ቡቃያ ግን አልጠፋም ነበር፤ በተለይ ዝናቡ ገና ሳይወጣ በነበረው ጉብኝት ከእሸና ከሰሳ ሥር ጣት የማታህል ቡቃያ መሬቱን ሸፍና ታይታለች። ደኑ ይወልዳል፤ የሚወለደው ግን አያድግም።

የማያድግበት ምክንያት ምንጠራው ነው። ቡና ከመለቀሙ በፊት፣ መሬት የሚረግፈውን ፍሬ ለማንሣትና በዛፉ ዙሪያ ለመንቀሳቀስ እንዲያመች በጫካው ውስጥ ያለው አረምና ቁጥቋጦ በማጭድና በገጀራ ይመነጠራል። ቡናና ጌሾ ያልሆነ ሁሉ ይቆረጣል፤ የዋንዛው ልጅም ከአረሙ ጋር ይሄዳል። አንድ ዓመት ያመለጠው በሚቀጥለው ዓመት ይቆረጣል። ይህ በብዙ አሥርተ ዓመታት ሲደጋገም በመካከል ያሉት ዕድሜዎች ከደኑ ይጎድላሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ ደኖች አፈር ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የአብዛኞቹ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ዘር እንደ አረም ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ አይጠብቅም። ስለዚህ እናት ዛፏ ከወደቀች በኋላ ምንጠራውን ማቆም ብቻውን ዝርያውን አይመልሰውም።

በዚሁ ጉብኝት ያልታሰበ ሁለተኛ ነገር ተገኘ። በአንዱ ይዞታ ዳር የቆመ ሰሳ ክረምት ሳለ ቅጠሉን አራግፏል። ግንዱ ከሥሩ በሐረግ ተሸፍኖ ነበር። ሐረጉ ሲገለጥ ልጡ በስፋት አንድ ስንዝር ያህል ዙሪያውን ተልጧል፤ ቁስሉም በጭቃ ተለስኗል። ነገሩ ከቦታው ደንብ ጋር የተያያዘ ነው። በልማድ እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ነውርም ክልክልም ሲሆን፣ የደረቀውን ለማገዶ መውሰድ ግን ይፈቀዳል። ባሕር ዳር እየሰፋች ስትሄድ የማገዶ ዋጋ ከፍ አለ፤ ደረቅ እንጨት ሲያልቅ ደግሞ ዛፉን ማድረቅ መጣ። «ደረቅ ብቻ» የሚለው ደንብ ዛፍ ለሚያደርቅ ሰው መከለያ ሆኖት ነበር።

መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ

ሽማግሌዎቹ የተላጠውን ሰሳ ካዩ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ማገዶው ዞረ። አንድ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም በዚህ ተስማማ። ከአጥቢያው ክልል ምንም ዓይነት እንጨት በታንኳም ሆነ በሸክም እንዳይወጣ ተከለከለ፤ በጀልባ መቆሚያው ላይም ጠባቂ ተመደበ።

ክልከላው አንድ በጋ እንኳ በወጉ አልዘለቀም። እንጨቱ በሌሊት መውጣት ጀመረ። የተጎዱትም ዛፍ የሚያደርቁት ሳይሆኑ ቀን ለቀን ጭራሮ ለቅመው የሚሸጡት፣ በአብዛኛው የቡና ጫካ የሌላቸው ሴቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ በስብሰባ ላይ የተናገረችው የብዙዎቹን ሁኔታ ይገልጻል፦ «አባቶቼ፣ እናንተ ቡናው ቢከዳችሁ ጌሾ አላችሁ። እኔ ያለኝ ይቺ ሸክም ናት።» ከዚያ ቀን በኋላ ጠባቂውም የልቡን ጥንካሬ አጣ፤ ሴቶቹ ዘመዶቹ ነበሩ።

በዚያው ወቅት አጥፊው እንዲወገዝ የጠየቁ ነበሩ። በዘጌ ውግዘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ደኑን ለዘመናት ካቆዩት ነገሮች አንዱ ነው ቢባልም ማጋነን አይሆንም። የአጥቢያው አስተዳዳሪ ግን አልተቀበሉትም። ማን እንዳደረገው ሳይታወቅ በደፈናው የሚነገር ውግዘት ድሃዋን ጭራሮ ለቃሚ ከቤተ ክርስቲያን ያርቃል፣ ዛፍ የላጠውን ግን አያስፈራውም የሚል ነበር ምክንያታቸው። እንደ ጸሐፊው እምነት በጠቅላላው ሂደት ውስጥ ከተወሰኑት ውሳኔዎች እጅግ አስተዋዩ ይህ ነው።

ከክልከላው ጎን ለጎን የችግኝ እደላ ተደረገ። በሐምሌ የመጣው በብዛት ግራቪሊያ የተባለው የውጭ አገር ዛፍ ሲሆን ጥቂት ዋንዛም ነበረበት። ባለ ጫካዎቹ ባገኙት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜም በቆሙ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተከሉት። ዋንዛ ብርሃን ይፈልጋል፤ በጥላ ሥር የተተከለው ቀጥኖ ቀረ። ግራቪሊያውን ደግሞ ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም በማለት ብዙዎቹ አልወደዱትም፤ የተረፈውንም በሚቀጥለው ምንጠራ ሠራተኛው ከአረሙ ጋር ቆረጠው። ከክልከላውም ከእደላውም ዘላቂ ነገር አልተገኘም።

የሠራው መንገድ

ለውጡ የመጣው መትከል ከሚለው ሐሳብ ይልቅ አለመቁረጥ የሚለው ሲያዝ ነው። ከምንጠራው በፊት ባለቤቱ፣ የዛፍ ዝርያ በቡቃያው ለይተው የሚያውቁ አንድ አረጋዊና አንድ ጎልማሳ ጫካውን ይዞራሉ። የሚተርፈውን ቡቃያ ይመርጡና በአጠገቡ እንጨት ተክለው ነጭ ጨርቅ ያስሩበታል። የሚመረጠው በሁሉም ቦታ አይደለም፤ ከላይ ያለው ዛፍ ያረጀበት፣ የተሰበረበት ወይም ብርሃን የገባበት ቦታ ብቻ ይታያል። ቡቃያ ሁሉ ይትረፍ ቢባል ቡናው ስለሚታፈን ባለቤቱ በሁለተኛው ዓመት ሥራውን ይተወዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት አሳዛኝ ነበር፤ ጨርቅ የታሰረባቸው ሳይቀሩ ተቆርጠዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጣራ ነገሩ ከክፍያው ጋር የተያያዘ ሆነ። መንጣሪዎቹ በአብዛኛው ከባሕረ ገብ ምድሩ ውጭ የሚመጡ የጉልበት ሠራተኞች ሲሆኑ የሚከፈላቸው በቁርጥ ነው። ቶሎ የጨረሰ ወደ ሌላ ጫካ ስለሚሄድ ገጀራውን ከመወርወር በቀር የሚያቆመው ነገር የለም። ሠራተኛውን መምከር ብዙ አላዋጣም። ባለቤቶቹ ምልክት ባለበት ክፍል ክፍያውን በቀን ሒሳብ አድርገው፣ እነሱ ወይም ልጆቻቸው አብረው ሲውሉ ግን የሚቆረጠው በግልጽ ቀነሰ። ወጪው ጨምሯል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሆኖም ምልክት ያለበት ክፍል ከጫካው ትንሹ ስለሆነ ጭማሪው የሚቻል ነበር።

ማገዶውን በተመለከተ መፍትሔው የመጣው ከራሱ ከቡናው ነው። በይዞታዎቹ ላይ ያለው ቡና አብዛኛው ያረጀ፣ ግንዱ የረዘመና ምርቱ የቀነሰ ነበር። የግብርና ባለሙያዎች ለዚህ የሚመክሩት ጉንደላን ነው፤ ያረጀው ግንድ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ተቆርጦ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ይደረጋል። ባለ ጫካዎቹ ምክሩን ያውቁታል፤ የሚያስፈራቸው የተጎነደለው ቡና ዳግም ምርት እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቁ ነው። ስለዚህ የጫካው ጥቂት ክፍል ብቻ በየዓመቱ በተራ እንዲጎነደል ተስማሙ። የሚወጣው የቡና ግንድ ጥሩ ማገዶ ነው፤ እሱም በአጥቢያው በተመዘገቡ ጭራሮ ለቃሚ ሴቶች በተራ እንዲወሰድ ተደረገ። ሴቶቹ በበኩላቸው ጉንደላው ላይ ጉልበታቸውን ያዋጣሉ፤ የተላጠ ዛፍ ሲያዩም ለሽማግሌዎቹ ይናገራሉ።

የመጨረሻው ነጥብ ከተጠበቀው በላይ ሠርቷል። ደኑን ከጠባቂውም ከባለ ጫካውም ይልቅ በየቀኑ የሚረግጡት እነሱ ናቸው። የተላጠ ዛፍ ከእንግዲህ ደረቅ ተብሎ ለማንም እንዳይሰጥ፣ ቆሞ እንዲበሰብስ የሚል ደንብ ሲጨመርበት ደግሞ መላጡ የሚያስገኘው ጥቅም ቀረ። የቆመ ደረቅ ግንድ ለወፍ ጎጆና ለንብ መኖሪያ ስለሚሆን በራሱም ብክነት አይደለም። በእነዚህ ይዞታዎች ውስጥ ከዚያ በኋላ የተገኘው ትኩስ የልጥ ቁስል ጥቂት ነው፤ ልጥ መላጡ ወደ ሌሎች ይዞታዎች ተሸጋግሮ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ግን አለ፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው።

ቤተ ክርስቲያን የነበራት ድርሻ ከውግዘት ይልቅ ማሳወቅ ሆነ። ከምንጠራው በፊት ባለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ቡቃያ የአጥቢያው አደራ መሆኑ ይነገራል። አደራ መብላት እንዴት እንደሚታይ ለዘጌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ያልተሳካውና እስካሁን ያልተፈታው

ከጥቂት ምንጠራዎች በኋላ በክፍተቶቹ ውስጥ ከሰው ቁመት ያለፈ ዋንዛና ሰሳ ይታያል። እሸ በዝግታ እያደገ ነው። ዶቅማ ግን አልተቻለም። የቀሩት እናት ዛፎች ጥቂት ናቸው፤ ፍሬያቸውም ተሰብስቦ እንደ ሌላው ዘር ደርቆ ከተቀመጠ በኋላ ሲዘራ አንድም አልበቀለም። የዶቅማ ዘር ድርቀት አይችልም፤ ከሥጋው ተለይቶ ወዲያውኑ መዘራት አለበት። ይህ ለችግኝ ጣቢያዎች አዲስ ነገር ባይሆንም ዘሩ የተያዘው እንደ ዋንዛው ስለነበር አንድ የፍሬ ወቅት በከንቱ አለፈ።

ከዚህ የከበደው የይዞታ ጉዳይ ነው። ምልክት የተደረገባቸውን ቡቃያዎች ለመቁጠርና ለመመዝገብ ሲታሰብ ባለ ጫካዎቹ ወዲያው ተጠራጠሩ። የተመዘገበ ዛፍ ነገ የመንግሥት ነው ቢባልስ? የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግልና የማኅበረሰብ ደን ባለይዞታን መብት እንደሚያውቅ ተነገራቸው፤ ፍርሃታቸው ግን ከአዋጁ የቆየ ነው። በመጨረሻ ቆጠራው በራሳቸው እጅ ቀረ፤ ዝርዝሩም ከአጥቢያው አልወጣም። ለጥናት የሚሆን ጥርት ያለ ቁጥር ለማግኘት ይህ አመቺ አይደለም። ቆጠራው ለመሥሪያ ቤት ቢሰጥ ኖሮ ግን ምናልባት የሚቆጠር ቡቃያ ባልነበረ።

ባለቤታቸው ከተማ የሚኖሩ፣ ምርቱን ለመካፈል በእኩል ለሌላ ሰው የተሰጡ ጫካዎችም አሉ። እኩል ያዡ የሚፈልገው የዘንድሮን ቡና ነው፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ጠብቆ ጥላ ለሚሆን ዛፍ ቦታ ቢለቅ ከራሱ ድርሻ ይቀነሳል። በእነዚህ ይዞታዎች ላይ ነጩ ጨርቅ ታስሮ ያውቃል፤ የቆየ ቡቃያ ግን የለም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ይህ ችግር የዘጌ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት በተመዘገቡት በካፋና በያዩ እርጥብ ደኖችም የጫካ ቡና ምርት ለማሳደግ ሲባል የሥር ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ጥላውም ይሳሳል፤ የዛፎች መተካትም በዚያው ልክ ይዳከማል። እዚያም ደኑን ከላይ በሚያይ የሳተላይት ምስል ብቻ መመዘን ያታልላል። የቡና ደን ጤንነት የሚለካው ከጉልበት በላይና ከጣሪያ በታች ባለው እርከን ነው፤ ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ አንድ ጠዋት በእግር መዞር ይበቃል።

በቀረው ጎጃም ባሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ግን መንገዱ ሳይለወጥ ቢወሰድ አይሠራም። እዚያ ቡቃያውን የሚያጠፋው በአብዛኛው ከብት ነው፤ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተካሄደው ምርምር ከብት ሲታገድ የቡቃያው የመትረፍ ዕድል እንደሚሻሻል አሳይቷል። ከብት በሚገባበት ደን ጨርቅ ማሰር ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ የድንጋይ ካብ ያስፈልጋል። የሚዛወረው አሠራሩ ሳይሆን ጥያቄው ነው፦ ቡቃያው በየትኛው ወር፣ በማን እጅ ወይም አፍ ነው የሚጠፋው? ያ ሰው የሚከፈለውስ እንዴት ነው? በዘጌ መልሱ ገጀራና የቁርጥ ክፍያ ነበር። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ክልከላውም ሆነ የችግኝ እደላው ያነጣጠረው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

በእኩል የተሰጡትን ጫካዎች በተመለከተ አሁን እየተሞከረ ያለው በውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ማስገባት ነው፤ ምልክት ያለበት ክፍል ከእኩል ስሌቱ ውጭ ሆኖ የምንጠራው ወጪ በሙሉ በባለቤቱ ላይ እንዲሆን። ጥቂት ባለቤቶች ተስማምተዋል፤ የቀሩት ከዘንድሮው የቡና ለቀማ በኋላ፣ ጀንፈሉ (ከነልባሱ የደረቀው ቡና) ተሸጦ ገንዘብ በእጃቸው ሲገባ እንነጋገራለን ብለዋል።